የምን ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት?

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «አየር እመዝናለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። ግማሹ ሰው ይስቃል፤ ግማሹ ያሾፍኩበት መስሎት ይቀየመኛል። እናቴ ግን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ላሐጽ ነው የምትለካው» ብላ አወጀች። ላሐጽ በዕብራይስጥ ግፊት ማለት ነው፤ የአየሩም፣ የደሙም፣ የኑሮውም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሁለት ባልቴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁኝ። «እማማ፣ እኔ የምለካው የሰማዩን ነው» ብላቸው አንደኛዋ «ታዲያ የኔ ከሰማዩ አይቀልም?» አሉኝ። 

ስሜ አስናቁ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ ኦስናት አሉኝ፤ በሁለቱም ስጠራ አቤት እላለሁ። ከጎንደር ወደ እስራኤል ስመጣ በእናቴ ጀርባ ላይ ስለነበርኩ ጉዞውን የማውቀው በወሬ ነው። ያደግሁት ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ኣሌፍ በሚባል ሰፈር ነው፤ ኋላ ወደ ሽኩና ሄ ተዛወርን። በሠራዊት አገልግሎቴ ጊዜ የአየር ሁኔታ ክፍል መደቡኝ፤ እኔም ቁጥር እወድ ስለነበር በዚያው ቀረሁ። ከሠራዊት እንደወጣሁ ኮርሱን ጨርሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ በተለማማጅነት ገባሁ። ማረፊያ ይባል እንጂ አንድ መንደርደሪያ፣ አንድ መቆጣጠሪያ ማማ፣ ጥቂት የግል ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያድሩበት የቆርቆሮ መጋዘን፣ በቃ ይኸው ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ነው።

እኔ ከማማው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል እሠራለሁ። ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ ዓይን እስከ የት ድረስ እንደሚያይና የአየሩን ግፊት አነብና ላይ ላለው የበረራ ተቆጣጣሪ በውስጥ ስልክ እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ ለአብራሪዎቹ በሬዲዮ ይነግራቸዋል። ክፍሌ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ስላለ የሚባባሉትን እሰማለሁ እንጂ እኔ አንዲት ቃል መናገር አይፈቀድልኝም። ተለማማጅ ሬዲዮ አይነካም፤ ሕጉ እንዲህ ነው።

ነገሬ እንዲገባችሁ አሁን ትንሽ ታገሡኝ። የአየር ግፊት ማለት በላያችን የተከመረው አየር የሚጫነን ክብደት ነው። እዚህ አገር የሚለካው በሄክቶፓስካል ነው። የድሮ ሰዎች ሚሊባር ይሉታል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ቁጥሩ አንድ ነው። አሜሪካኖች በኢንች ይለካሉ፤ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ስንት ኢንች ከፍ አለ ማለታቸው ነው። ሩሲያዎች ያንኑ ሜርኩሪ በሚሊሜትር ይለኩታል። እንግዲህ የአንድ ቀን አንድ አየር ለእኛ አንድ ሺህ ገደማ፣ ለአሜሪካኑ ሠላሳ ገደማ፣ ለሩሲያው ሰባት መቶ ሃምሳ ገደማ ይሆናል። አየሩ ግን ያው አየር ነው።

አውሮፕላን ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ በራሱ አያውቅም። አየሩን ይመዝንና ይገምታል። አብራሪው የዕለቱን ግፊት ከማማው ይቀበልና በከፍታ መለኪያው ላይ ትንሽ ማዞሪያ አዙሮ ቁጥሩን ይሞላል። ትክክለኛ ቁጥር ከሞላህ መለኪያው እውነቱን ይነግርሃል። የተሳሳተ ከሞላህ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሽሃል።

በዚያ ማረፊያ ቁጥሩን ብቻ መጥራት ልማድ ነበር። «ግፊት አንድ ሺህ አሥራ አምስት» ይባላል፣ አለቀ። አሃዱን፣ በምን እንደተለካ፣ የሚጨምር ሰው የለም። እኔ ግን ሁልጊዜ «አንድ ሺህ አሥራ አምስት ሄክቶፓስካል» እላለሁ። ተቆጣጣሪው ኤያል ይህ ነገሬ ያስቀው ነበር። ኤያል ከቤርሼባ አጠገብ ያለችው የሀብታሞች ሰፈር፣ የዖሜር ልጅ ነው፤ ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ግን ሰው ነገር ሲያስረዝም ትዕግሥቱ ቶሎ የሚያልቅ ሰው ነው።

«ግቬሬት ሄክቶፓስካል» ይለኛል፤ ወይዘሮ ሄክቶፓስካል ማለቱ ነው። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቲማቲም ነው እንዴ? ሁሉም ያውቀዋል'ኮ!»

«አንተ ለምታውቀው ምን አስቸገረኝ? እኔ የምለው ለማያውቀው ነው።»

ይህን አመል ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። እናቴ ጎንደር ገበያ እህል ስትሸጥ የየሴቲቱ ቁና የተለያየ ስለነበር፣ ቁጥር ብቻዋን ከተጠራች ጠብ ነበር። ዛሬም ቤርሼባ ሹክ፣ ገበያው ውስጥ፣ ነጋዴው «ሐሚሻ! ሐሚሻ!» እያለ ሲጮህ ፊቱ ቆማ «ሐሚሻ ማ?» ትለዋለች፤ የምን አምስት? ኪሎ ነው? እስር ነው? ሰውየው እስኪነግራት ድረስ ወይ ፍንክች! ልጅ ሆኜ አፍርባት ነበር። ሳድግ ግን እኔም እሷን ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ቀኑ የየካቲት ቀን ነበር። ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ነፋሱ ከደቡብ፣ ከበረሃው በኩል ይነፍሳል፤ ሰማዩ ሽሮ የተበተነበት ይመስላል። ክፍሌ ገብቼ መለኪያውን ሳየው ግፊቱ እየወረደ ነው። ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሺህ በታች ገባ። የማታውቁት ካላችሁ፣ ይህ በቤርሼባ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። እኔ በዚያ ክፍል ከተቀመጥኩ ወዲህ ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ግፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አጣራሁና ለኤያል ደወልኩ።

«ግፊት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ሄክቶፓስካል።»

«ዋላ! ከአንድ ሺህ በታች?» አለ። «ቤሰዴር፣ ግቬሬት።» እሺ ማለቱ ነው።

ወዲያው እናቴ ደወለች።

«አስናቁ፣ አቧራው አፈናችሁ ወይስ ደህና ናችሁ? እኔ የመስኮቱን ትሪስ ሁሉ ዘግቻለሁ።»

«ደህና ነን እማዬ፣ ዓሱቃ ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ኋላ እደውላለሁ።»

«አውሮፕላን እንዳታስነሱ በዚህ ቀን!»

«እኔ አይደለሁም የማስነሳው።»

«ንገሪያቸዋ ታዲያ!» አለችና ዘጋችው።

ማንም አልተነሣም፤ ይልቅ የሚመጣ ነበር። ቦሪስ የሚባል ሰው ከሰሜን እየተመለሰ ነው። ቦሪስ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲበር የኖረ ሰው። ያን ዓመት አሜሪካ የተሠራች አሮጌ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ገዝቶ ነበርና ክረምቱን ሲያሳልፍባት የመጀመሪያው ነው። ሚስቱ ራያ አብራው ነበረች። ጠዋት ሲነሡ ሰማዩ ጥሩ ነበር። አሁን ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ሰሜኑ ዶፍና መብረቅ ነው፤ ወደ ፊት ደግሞ የእኛ አቧራ ይጠብቀዋል። አሁንም መንደርደሪያችን በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ትንሽ ትንሽ ይታይ ስለነበር ኤያል እንዲሞክር ፈቀደለት።

ድምፅ ማጉያው ውስጥ የኤያል ድምፅ መጣ። «ነፋስ ከደቡብ፣ ብርቱ። ግፊት ቴሻ፣ ቴሻ፣ ሽሞኔ።» ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ማለት ነው። እንደ ልማዱ አሃዱን አልጠራም።

ቦሪስ በሩሲያኛ ቅላጼው መለሰ። «ኪባልቲ። ሽታይም፣ ቴሻ፣ ቴሻ፣ ሽሞኔ።» ተቀብያለሁ፤ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ሁለት? ሁለቷ ከየት መጣች?

አብራሪ የተነገረውን ቁጥር መልሶ ይላል፤ ተቆጣጣሪውም አዳምጦ ያረጋግጣል። ኤያል አላረጋገጠም፤ በዚያች ቅጽበት ከሌላ ማረፊያ በስልክ እየደወሉለት ነበር። እኔ ግን የአውሮፕላኗ መለኪያ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። አሜሪካ የተሠራች ናት፤ መለኪያዋ የሚያውቀው ኢንች ብቻ ነው። ኢንች ደግሞ ሁልጊዜ የሚጀምረው በሃያ ዘጠኝ ወይም በሠላሳ ነው። ሰውየው «ዘጠኝ ዘጠኝ ስምንት» ሲባል ሰማ፤ በመስኮቱ ያለውን አየ፤ ሁለቷን ከፊት ጨምሮ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠና ስምንት ኢንች አድርጎ ሞላው። ቁጥሩም ቁጥር ይመስላል! እንዲያውም ያማረ፣ የጥሩ ቀን ቁጥር ነው። በእኛ ቢመነዘር አንድ ሺህ አሥራ አምስት ሄክቶፓስካል ነው።

ልዩነቱ አሥራ ሰባት ሄክቶፓስካል። አንዱ ሄክቶፓስካል በመሬት አጠገብ ስምንት ሜትር ያህል ነው። በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት፤ ወደ መቶ አርባ ሜትር። የቦሪስ መለኪያ ሰውየውን ካለበት በመቶ አርባ ሜትር ከፍ አድርጎ እየዋሸው ነው። ከመንደርደሪያው በስተሰሜን፣ እሱ በሚመጣበት በኩል፣ ኮረብታ ላይ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ተደርድረዋል። በዚያ አቧራ ውስጥ ምሰሶ ቀርቶ ተራራም አይታይም።

የውስጥ ስልኩን አነሣሁ፤ ተይዟል። ጣልኩትና ወደ ብረት ደረጃው ሮጥኩ።

ማማው ላይ ስደርስ ኤያል ስልኩን በትከሻው ይዞ ጣቶቹን ሰብስቦ «ሬጋ፣ ሬጋ» አለኝ፤ ቆይ ማለቱ ነው።

«ቦሪስ በኢንች ነው የሞላው» አልኩት።

«ኦስናት፣ ስልክ ላይ ነኝ።»

«ሁለት ብሎ ነው የጀመረው! ሁለቷን ከየት አመጣት?»

ስልኩን በመዳፉ ከደነው። «ቦሪስ'ኮ እኔ ሳልወለድ ነው መብረር የጀመረው። አንቺ ውረጂ፣ መለኪያሽን ጠብቂ።»

ያኔ ሬዲዮው ተናገረ። «ማማ፣ እዚህ ቦሪስ። ከመሬት በላይ ሁለት መቶ ሜትር አለኝ። ምንም አይታየኝም። መሬቱን እንዳይ ትንሽ ዝቅ እላለሁ።»

ሁለት መቶ አለኝ ይላል እንጂ ያለው ስድሳ ነው። ምሰሶዎቹ ደግሞ ሃምሳ ይሆናሉ።

እኔ ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት እያየሁ ነው። አለቃዬን ለማቋረጥ ቀርቶ ቀና ብሎ ለማየት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያን ቀን ግን እጄ እኔን አልጠየቀችኝም። ከኤያል ፊት ማይክሮፎኑን ነጠቅኩት።

«ቦሪስ፣ ታዓሌ! ታዓሌ ሚያድ!» ውጣ፣ አሁኑኑ ውጣ! «ከሁለት መቶ በታች ነህ! ውጣ!»

ኤያል አፉን ከፍቶ አየኝ። ሬዲዮው ጭጭ አለ። መስኮቱ ላይ አሸዋው ሲያንኳኳ ይሰማል።  ጠራሁት፤ መልስ የለም። በጣም ዘግይቻለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ደረጃው ላይ ያጠፋኋት ያች ጊዜ፣ «ሬጋ» ሲለኝ የቆምኩባት ያች ጊዜ። ወንበሩን ያዝኩ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የሞተር ጩኸት፣ ከኋላ የሴት ለቅሶ፣ ከዚያ የቦሪስ ድምፅ፤ ግን የእሱ አይመስልም።

«እየወጣሁ ነው… ሽቦ አየሁ። ከሥሬ፣ እዚህ፣ ሽቦውን አየሁት።» ከዚያ «ሚ ዞት?» አለ። ማን ናት?

«የአየር ሁኔታ ክፍል ነኝ። የተሰጠህ ግፊት በሄክቶፓስካል ነው፣ በኢንች አይደለም። መለኪያህ በመቶ አርባ ሜትር ይሳሳታል።»

 እንደ መሐንዲስ ሲያሰላ ይሰማኛል። «ቦዤ ሞይ» አለ በሩሲያኛ። አምላኬ! «ምን ላይ ላድርገው? የያዝኩት የመመንዘሪያ ካርድ ከአንድ ሺህ በታች የለውም።»

ኤያል ይህን ጊዜ ስልኩን ጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል፤ የመመንዘሪያውን ሠንጠረዥ እየፈለገ ነው። ገጹ አልከፈት ብሎታል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ሺህ አሥራ ሦስት ከሩብ ሄክቶፓስካል ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠና ሁለት ኢንች መሆኑን የትኛውም የአየር ሁኔታ ተማሪ እንደ ስሙ ያውቀዋል። ከዚያ እስከ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት አሥራ አምስት ከሩብ እወርዳለሁ። አንዱ ሄክቶፓስካል ሦስት መቶኛ ኢንች ሊሆን ጥቂት ይጎድለዋል። አባዛሁ፤ ዜሮ ነጥብ አርባ አምስት። ቀነስኩ። ደግሜ ቀነስኩ።

«ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አርባ ሰባት ኢንች» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

በሕይወቴ ስንት ጊዜ ይህን ጥያቄ ጠይቀውኛል! በትምህርት ቤት፣ በሠራዊት፣ በየቢሮው፤ እንደ ባዕድ እያዩኝ፣ እርግጠኛ ነሽ? ኮርሱን ልትጨርሺ? ሒሳቡን ራስሽ ነው የሠራሽው? ሁልጊዜ «መሰለኝ» ብዬ አለሳልስ ነበር። ያን ቀን ግን ሁለት ነፍስ መልሴን ይዞ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ኤያል ገጹን አገኘው። ዓይኑን በመስመሩ ላይ አስኬደና ማያውን ወደ እኔ አዞረው። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አርባ ሰባት።  ማይክሮፎኑን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና «ቦሪስ፣ ትክክል ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አርባ ሰባት ኢንች። ከአቧራው በላይ ሆነህ ዙር» አለ።

መሞት ቀረ እንጂ ማረፍ ገና ነበር። መንደርደሪያው አሁን ጭራሽ ጠፍቷል። ቦሪስ ያለው ነዳጅ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ኤያል የአካባቢውን ማረፊያ ሁሉ ደወለ፤ አንዱ በአቧራ፣ ሌላው በነጎድጓድ ተዘግቷል። ስልኩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ፤ እዚያ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«መቼ ነው የሚጠራው?» አለኝ።

ትንበያ የተለማማጅ ሥራ አይደለም። እኔ ግን ወደ ታች ወረድኩና መለኪያዬ ፊት ቆምኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ግፊት ቆሟል። ደጅ ወጣሁ፤ ነፋሱ ከፊቴ ወደ ጉንጬ ዞሯል፤ ከደቡብ ወደ ምዕራብ። ሰሜኑን ያጠበው ዝናብ ወደ እኛ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ሲደርስ አቧራውን ከሰማይ ያወርደዋል።

ማማው ላይ ወጥቼ «ግማሽ ሰዓት» አልኩት። «ዝናብ ይመጣል። ግፊቱ መጨመር ሲጀምር እነግርሃለሁ።»

ኤያል ለቦሪስ ነገረው። ቦሪስም «እጠብቃለሁ» አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ? መለኪያው ፊት ቆሜ ቁጥሩን በዓይኔ ልገፋው ምንም አልቀረኝ። አይነቃነቅም። የአውሮፕላኗ ድምፅ በላያችን መጥቶ ይሄዳል፤ መጥቶ ይሄዳል። ቦሪስ ነዳጁን በየጊዜው ይነግረናል፤ በረጋ ድምፅ ነው የሚነግረን፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር። ግማሽ ሰዓቱ ሞላ፤ ዝናብ የለም። ኤያል በውስጥ ስልክ ደወለ።

«ኦስናት?»

«ይመጣል።»

«አንቺ ልጅ…»

«ይመጣል አልኩህ!»

ስልኩን ዘጋሁ። ባይመጣስ? «ግማሽ ሰዓት» ብዬ ያጠፋሁበት ነዳጅ የማን ነው? አለቀስኩ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ለማልቀስም ጊዜ አልነበረኝም። ዓይኔን ከመለኪያው አላነሣሁም። እንዲያ እንዳፈጠጥኩ ዘጠና ስምንት የነበረው ዘጠና ዘጠኝ አለ። ቀጥሎ አንድ ሺህ። በሩ በነፋስ ተበረገደ፤ ብርድ ገባ፤ መስኮቴ ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች፤ ጭቃ ናት። ሁለተኛዋም ጭቃ። ከዚያ ሰማዩ ቡናማ ውኃ ያወርደው ጀመር።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ኤያል ሲያየኝ ማይክሮፎኑን ራሱ አቀበለኝ።

«ቦሪስ፣ ነፋስ ከምዕራብ። ዝናብ እየጣለ ነው፤ መንደርደሪያው መታየት ጀምሯል። ግፊት አንድ ሺህ አንድ ሄክቶፓስካል፤ ለአንተ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሃምሳ ስድስት ኢንች።»

«ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሃምሳ ስድስት ኢንች» አለ ቦሪስ፤ ኢንች የምትለዋን ቃል በጥርሱ ነክሶ።

መጀመሪያ መብራቷን አየን። ከዚያ ክንፏን። ምሰሶዎቹን ከፍ ብላ አለፈቻቸው፤ ሁለታችንም አየናት። መንደርደሪያውን ነካች፣ አንዴ ነጠር አለች፣ ጭቃውን እየረጨች ቆመች። ኤያል ወንበሩ ላይ ወደቀና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ራያ ከአውሮፕላኗ ስትወርድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አላነሣችውም። ዕብራይስጥ ብዙም አትችልም። ማንነቴን ማን እንደነገራት እንጃ፣ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጬን እያፈራረቀች ሳመችኝ። ቦሪስ ከኋላዋ ቆሞ «ማን ናት የተናገረችው?» አለ ኤያልን።

«ግቬሬት ሄክቶፓስካል» አለ ኤያል። ያን ቀን ሲጠራኝ አልሳቀም።

ቦሪስ የእጅ ጽሑፉ ያለበትን ካርድ አሳየን። ወጣት ሳለ በሚሊሜትር ነበር የሚበረው፤ እዚህ መጥቶ ሄክቶፓስካል ለመደ፤ አሁን ደግሞ ኢንች። ለዚህ ብሎ ሠንጠረዥ ሠርቷል፤ ግን ቤርሼባ ከአንድ ሺህ በታች ሲወርድ ሰምቶ ስለማያውቅ ከአንድ ሺህ ጀመረው። «ራሴ ውስጥ ሦስት አገር አለ» አለኝ። «ዛሬ ተደባለቁብኝ።»  የእኔም ራስ ውስጥ ከአንድ በላይ አገር አለ።

በማግስቱ የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ጠራችኝ። ኤያልም ነበር።

«ማይክሮፎኑን ማን ፈቀደልሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ነገም እንዲህ ያለ ነገር ብትሰሚ ትነጥቂያለሽ?»

ይሉኝታዬን ትቼ አፌን ሞልቼ «አዎ፣ እነጥቃለሁ» አልኳት።

ኤያል ጣልቃ ገባ። «መንጠቅ አያስፈልጋትም። ስህተቱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ስትናገር የሚሰማ ሰው ነው የሚያስፈልገው።» ይህን ለማለት ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አከብረዋለሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በማረፊያችን አሃዱ ሳይጠራ ግፊት አይነገርም። ከአብራሪው መለኪያ ጋር የማይሄድ ከሆነም ተመንዝሮ ይሰጠዋል። መመሪያውን አርቅቂ የተባልኩት እኔ ነኝ። የተለማማጅነት ጊዜዬ ሲያልቅም ቋሚ ሆንኩ፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ዛሬ የአየር ሁኔታ ትንበያ ባለሙያ ነኝ፤ አዳዲሶቹንም አስተምራለሁ። ክፍል ገብቼ «ግፊቱ ስንት ነው?» ስላቸው ቁጥር ብቻ የሚመልስልኝን ቆሞ እንዲያስብ አደርገዋለሁ። ክፉ ናት ይሉኛል አሉ። ይበሉ።

አንባቢዎቼ፣ ኩራት አይወራም ብለው ነው ያሳደጉን። የሠራሽውን ሌላ ሰው ይንገርልሽ ይባላል። እኔ ግን ብዙ ጠበቅሁ፤ ሌላ ሰው አልነገረልኝም፤ ስለዚህ ራሴው ልናገር፤ እኮራለሁ። በሒሳቤ እኮራለሁ፣ በጆሮዬ እኮራለሁ፣ «መሰለኝ» ሳልል «እርግጠኛ ነኝ» በማለቴ ከሁሉ በላይ እኮራለሁ። ያቺ ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለየችኝም። አሁን ቢሮ ገብቼ ስናገር ድምፄ አይሰበርም። ይህን ለምታነቡ ልጆች፣ በተለይ ለእናንተ ለሴቶቹ፣ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የምታውቁትን ስታውቁ በልክ ተናገሩት፤ ከነአሃዱ፣ ከነድምፁ፣ ሰው ቢስቅም።

በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ቦሪስና ራያ እኔንና እናቴን ማረፊያው ድረስ ጋበዙን፤ በአውሮፕላኗ ሊያበሩን። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አዲስ ጫማዋን አድርጋ መጣች፤ አውሮፕላኗን ዞራ ዞራ አየቻትና «እኔ አንዴ በርሬ መጥቻለሁ፣ ይበቃኛል» ብላ ጥላው ሥር ተቀመጠች።

እኔ ከቦሪስ ጋር ወጣሁ። ቤርሼባን፣ ሹኩን፣ የሽኩና ሄን ሕንፃዎች ከላይ አየኋቸው። ስንመለስ እናቴና ራያ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ አገኘናቸው። ቦሪስ ከእናቴ ፊት ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። በዕብራይስጥ፣ ቀስ እያለ፣ በእጁም እያሳየ ያን ቀን አስረዳት፤ አቧራውን፣ ሽቦውን፣ ዝናቡን። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ልጅሽ ሁለታችንንም ከሞት አዳነችን» አላት። «እንዲህ ያለች ልጅ ናት ያለችሽ።»

እናቴ እስኪጨርስ ድረስ ቀጥ ብላ አዳመጠችው። አልተገረመችም፣ አላለቀሰችም፣ አልተሽኮረመመችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና በዕብራይስጥ መለሰችለት።

«አኒ ዮዳዓት።»

አውቃለሁ።